ተጨማሪ መረጃ፦ ከኢትዮጵያ ደጋ እስከ አትላንቲክ

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2000 መጨረሻ በኢትዮጵያ ደጋማ ምድር ላይ ከባድ የነጎድጓድ ደመና ተሰባሰበ። በሳተላይት ምስል የተከታተሉት ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ደመናው ሱዳንንና ሳህልን አቋርጦ በኦገስት መጀመሪያ አትላንቲክ ደረሰ፤ እዚያም አልቤርቶ የተባለውን ሐሪኬን፣ ማለትም ኃይለኛ አውሎ ነፋስ፣ ወለደ። አልቤርቶ ሦስት ሳምንት ገደማ በባሕር ላይ ሲዞር ቆይቶ የብስ ሳይነካ ከሰመ። ከኢትዮጵያ ደጋ የሚነሳ የክረምት ደመና ይህን ያህል መጓዙ በእውነት ያስደንቃል!

የሐሪኬን ጉልበት የሚመጣው ከሞቃት የባሕር ውሃ ነው። የባሕሩ ገጽ 26.5 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ሲሆን ብዙ ውሃ ይተናል። ተኑ ከፍ ብሎ ደመና ሲሆን የያዘውን ሙቀት ይለቃል፤ አየሩ ይበልጥ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከሥር ያለው ግፊት ይቀንሳል፣ የዙሪያው አየር ወደ መሃል ይሳባል። የምድር መሽከርከር ደግሞ ያጠማዝዘዋል። ነፋሱ በሰዓት 119 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ሐሪኬን ይባላል።

ሐሪኬንን ለመተንበይ አውሮፕላኖች እስከ እምብርቱ ዘልቀው በፓራሹት የሚወርድ መሣሪያ ይጥላሉ። መሣሪያው ባሕሩ ላይ እስኪያርፍ ግፊትን፣ ሙቀትን፣ እርጥበትንና ነፋስን እየለካ በሬዲዮ ይልካል።

የሐሪኬንን መንገድ መተንበይ ብዙ ተሻሽሏል፤ ጉልበቱን መገመት ግን አሁንም ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2023 የሜክሲኮዋን ከተማ አካፑልኮን የመታው ኦቲስ የተባለ ሐሪኬን ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ወደ ከፍተኛው 5ኛ ደረጃ ዘሏል።