የሞባይል ስልክና የጎጃም እህል፦ ዋጋ ማወቅና ዋጋ ማግኘት ለየቅል ናቸው

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ገበያ ራቅ ብሎ የሚኖር አርሶ አደር በቆሎውን ወይም በርበሬውን ከመሸጡ በፊት የከተማውን ዋጋ ለመስማት የገበያው ቀን እስኪደርስ መጠበቅ ነበረበት። ወሬውን የሚያገኘው ከገበያ ከተመለሱ ጎረቤቶች፣ በሰንበቴና በማኅበር ከሚገናኛቸው ሰዎች፣ አለዚያም ደጁ ድረስ ከመጣው እህል ሰብሳቢ አንደበት ነበር። ይህ የመጨረሻው ምንጭ ለገዥው እንጂ ለሻጩ እንደማያደላ ግልጽ ነው።

ዛሬ ሁኔታው በእጅጉ ተለውጧል። በሊበን፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው በሚገኙ የገጠር ቀበሌዎች የሞባይል ቀፎ የቅንጦት ዕቃ መሆኑ ቀርቷል። መብራት ባልገባበት መንደር እንኳ ቀፎው በትንሽ የሶላር ሰሌዳ፣ ወይም ባለቤቱ ገበያ ሲወጣ ከሱቅ ቻርጅ እየተደረገ ይሠራል። ከተማ ለሚኖር ዘመድ ደውሎ «ዛሬ በቆሎ ስንት ዋለ?» ብሎ መጠየቅ የደቂቃ ሥራ ሆኗል።

ይሁን እንጂ ዋጋ ማወቅ አንድ ነገር፣ ያንን ዋጋ ማግኘት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት የሚወስኑት ቀፎው ሊለውጣቸው የማይችላቸው ጉዳዮች ናቸው፤ እነሱም የምርቱ መጠን፣ የማጓጓዣው ወጪ፣ እህሉን አቆይቶ ለመሸጥ ያለው አቅምና የኔትወርኩ አስተማማኝነት ናቸው።

ዋጋ የሚቆረጠው የት ነበር?

የሞባይል አገልግሎት በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። በዚያን ጊዜ የእህል ዋጋ ዜና የነጋዴውና የደላላው ሀብት ነበር። ዶ/ር እሌኒ ገብረመድኅን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአገሪቱ የእህል ገበያ ላይ ያካሄዱት ጥናት የክፍለ ሀገሩ ነጋዴ በአዲስ አበባው የእህል ገበያ በሚቀመጡ ደላሎች አማካይነት ይሠራ እንደነበር ያሳያል። ደላላው ገዥና ሻጭ ከማገናኘቱም በላይ አንዱ ለሌላው ዋስ ሆኖ ያገለግል ነበር። ነጋዴው በማያውቀው ሰው ላይ እምነት ስለሌለው የሚከፍለው የድለላ ዋጋ የዚያ እምነት ዋጋ ነበር ማለት ይቻላል።

የመረጃና የገበያ ሥርዓት አለመኖር ምን ያህል እንደሚጎዳ በ1994 ዓ.ም. በግልጽ ታይቷል። ሁለት ተከታታይ መልካም ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ትርፍ አምራች በሆኑ አካባቢዎች የበቆሎ ዋጋ ክፉኛ ወደቀ። ብዙ አርሶ አደር ለማዳበሪያ ያወጣውን ገንዘብ እንኳ መመለስ አቃተው። በማግስቱ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ድርቅ ገብቶ ከ13 ሚሊዮን የማያንስ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ባለፈው ዓመት ገዥ ያጣ እህል በዚህኛው ዓመት ታጣ።

ሚያዝያ 16 ቀን 2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከዚህ ትምህርት የተወለደ ነው። ግብይቱን የጀመረውም በበቆሎ ነበር፤ ከመጋዘኖቹም አንዱ የተከፈተው ቡሬ ላይ ነው። አሠራሩ በአጭሩ ይህን ይመስላል። ሻጩ ምርቱን ለመጋዘን ያስረክባል፤ እህሉ ተመዝኖና ደረጃ ወጥቶለት ደረሰኝ ይሰጠዋል፤ ግብይቱ የሚካሄደው በደረሰኙ ነው። ዕለታዊው ዋጋ በገበያ ከተሞች በተተከሉ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎችና በ929 የስልክ መስመር እንዲሰማ ተደረገ።

ሐሳቡ መልካም ቢሆንም ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ የምርት ገበያው ዋና ሥራ ወደ ቡናና ወደ ሰሊጥ አዘነበለ። አንድ ወይም ሁለት ኩንታል በቆሎ የያዘ አርሶ አደር በብዙ ኩንታል በሚለካው ግብይት በቀጥታ ለመግባት አቅም አልነበረውም። ስለዚህ ዋጋውን በስልክ ቢሰማም የሚሸጠው እንደ ቀድሞው ለሰብሳቢው ሆነ። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው 8028 የተባለው ነፃ መስመርም አርሶ አደሩን በእጅጉ ያገለገለው በእርሻ አሠራር ምክር እንጂ በገበያ ዋጋ አይደለም።

የሌሎች አገሮች ልምድ

በዚህ ጉዳይ ላይ ስሙ በተደጋጋሚ የሚነሳው የሕንዷ ኬረላ ጠቅላይ ግዛት ዓሣ አጥማጆች ታሪክ ነው። ሮበርት ጄንሰን በ2007 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ጥናት እንደሚለው፣ ከ1997 እስከ 2001 ሞባይል ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሲገባ በየወደቡ የነበረው የዋጋ ልዩነት ጠበበ፤ ገዥ አጥቶ የሚጣለው ዓሣም ቀረ። የአጥማጆቹ ትርፍ በአማካይ 8 በመቶ ሲጨምር ሸማቹ የሚከፍለው ዋጋ 4 በመቶ ቀነሰ።

በኒጀር ጄኒ ኤከር ያካሄዱት ጥናት ደግሞ ሞባይል በእህል ገበያዎች መካከል የነበረውን የዋጋ ልዩነት ከ10 እስከ 16 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። በኋላ ከማርሴል ፋፍሻምፕ ጋር የአምራቹን ዋጋ ለይተው ሲመረምሩ ግን አምራቹ የሚሸጥበት አማካይ ዋጋ ከፍ እንዳላለ ተረድተዋል። በአገራችንም ጌታው ታደሰና ጎድፍሬይ ባሂጊዋ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት ሞባይልን የዋጋ መረጃ ለመፈለግ የሚጠቀምበት አርሶ አደር ጥቂት መሆኑን፣ ለዚህም አንዱ ምክንያት በስልክ የሚገኝ ጠቃሚ መረጃ ማነሱ እንደሆነ ጠቁመዋል።

ልዩነቱ ከየት መጣ ቢባል መልሱ ሩቅ አይደለም። የኬረላው አጥማጅ ስልክ ሲደውል ጀልባው ላይ ነው። አንዱ ወደብ ዋጋ ካልሰጠው መሪውን አዙሮ ወደ ሌላው ይሄዳል። የጎጃሙ ገበሬ ግን የሰማውን ዋጋ ለመያዝ መኪና ወይም አህያ መከራየት፣ ማስጫንና ማውረድ፣ አንድ ቀንም ከሥራው መቅረት አለበት። መረጃው ለሁለቱም እኩል ቢደርስም ወደ ገንዘብ የሚለወጥበት መንገድ አንድ አይደለም።

የአንድ ኩንታል ስሌት

ነገሩን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ቀጥሎ የቀረበው ለማስረዳት ያህል የተወሰደ ምሳሌ እንጂ የወቅቱ የገበያ ዋጋ አይደለም።

የከተማው ዋጋ በኩንታል 3,000 ብር፣ መንደር ድረስ የሚመጣው ሰብሳቢ የሚሰጠው 2,700 ብር ነው እንበል። ልዩነቱ 300 ብር ነው። ለማጓጓዣ፣ ለጫኝና አውራጅ እንዲሁም ለልዩ ልዩ ወጪ በኩንታል 180 ብር ቢወጣ፣ ከተማ ወስዶ የሚሸጥ ሰው በኩንታል 120 ብር ይተርፈዋል። የራሱ የደርሶ መልስ መሳፈሪያና ምግብ ደግሞ 200 ብር ይሁን።

10 ኩንታል ያለው ሰው 1,200 ብር አግኝቶ 200 ብሩን ሲቀንስ 1,000 ብር ይቀረዋል። 2 ኩንታል ብቻ ያለው ግን ከ240 ብር ላይ 200 ብር ሲቀነስበት የሚተርፈው 40 ብር ነው፤ ቀኑን ሙሉ የደከመበት ዋጋ አልታሰበም። ስለዚህ ሰብሳቢው በርካሽ እንደገዛው እያወቀ መንደሩ ላይ ቢሸጥ አላዋቂ አያሰኘውም። ስሌቱን በትክክል ሠርቷል ማለት ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው አባባል እዚህ ላይ የሒሳብ ትርጉም አለው። እያንዳንዳቸው 2 ኩንታል ያላቸው አሥር አባወራዎች 20 ኩንታሉን አንድ ላይ አስጭነው አንድ ሰው ቢልኩ፣ 2,400 ብር ተርፎ ከላዩ 200 ብር ብቻ ይቀነሳል። ለእያንዳንዱ 220 ብር ይደርሰዋል፤ ዘጠኙም ከሥራቸው አልቀሩም። በምዕራብ ጎጃም እንደ ዳሞት ያሉ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች የተቋቋሙበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሞባይሉ ለእንዲህ ዓይነቱ ስብስብ የሚሰጠው ጥቅም ለአንድ ግለሰብ ከሚሰጠው ይበልጣል። አንድ ስልክ ተደውሎ የተገኘ ዋጋ ለ20 ኩንታል ይሠራልና።

ጎተራና ነቀዝ

የእህል ዋጋ ብዙውን ጊዜ ዝቅ የሚለው ምርት በገባ ማግስት፣ ከፍ የሚለው ደግሞ ክረምቱ ሲገባ ነው። ይህንን ለማወቅ ሞባይል አያስፈልግም፤ አያት ቅድመ አያቶችም ያውቁት ነበር። ነገር ግን የመሬት ግብር፣ ዕዳ፣ የልጆች ወጪና ሠርግ የሚመጡት በዚያው ዋጋ በሚወድቅበት ወቅት ነው። «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» እንዲሉ ጥሬ ገንዘብ የቸገረው ሰው የነገው ዋጋ እንደሚሻል እያወቀ ዛሬ ይሸጣል።

ገንዘቡ ባይቸግረው እንኳ ነቀዝ አለ። በተለይ በቆሎ በተለመደው ጎተራ ወይም ማዳበሪያ ከረጢት ሲከርም በነቀዝ ይበሳል፤ ክብደቱም ደረጃውም ይቀንሳል። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ለዚህ መፍትሔ ሆኖ ቀርቧል። በውስጡ ያለው አየር ሲያልቅ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል፤ መድኃኒትም አያስፈልግም። ሆኖም እህሉ በደንብ ካልደረቀ ይሻግታል። በርበሬም ቢሆን ሲቆይ እየደረቀ ክብደቱ ስለሚቀንስና ቀለሙ ስለሚደበዝዝ፣ የዋጋው ጭማሪ የክብደቱን ቅናሽ መሸፈን አለመሸፈኑን አስቀድሞ ማስላት ይገባል።

ገንዘብም በስልክ

ከግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር አገልግሎት ለእህል ግብይት አዲስ ነገር አምጥቷል። ነጋዴው ጥሬ ገንዘብ በከረጢት ተሸክሞ ገጠር ከመውጣት፣ ገበሬውም የሸጠበትን ገንዘብ በጉያው ይዞ በጨለማ ከመመለስ ይድናሉ። ኢንተርኔት የሌለው ተራ ቀፎም በ*127# ሊጠቀም ይችላል። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከዳሸን ባንክ ጋር «መላ» የተባለ አነስተኛ ብድር በስልኩ መስጠት ተጀምሯል። እንዲህ ያለ ብድር በቂ መጠንና የመመለሻ ጊዜ ኖሮት እስከ ክረምት ቢያደርስ፣ ገበሬው ከዋጋ መረጃው እውነተኛ ጥቅም የሚያገኘው ያን ጊዜ ነበር። የአጭር ጊዜ ብድር ግን ከጥር እስከ ሐምሌ አያሻግርም።

የሁሉም መሠረት ኔትወርክ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። መንገድም በየጊዜው ይዘጋ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የዋጋ ዜና እንደገና መንገድ የከፈተለት ሰው ሀብት ይሆናል፤ በቡሬና በአዲስ አበባ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነትም ይሰፋል። ያንን ልዩነት የሚከፍሉት በአንድ ወገን አምራቹ፣ በሌላው ወገን የከተማው ሸማች ናቸው።

ከመሸጥ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በስልክ የተሰማ ዋጋ ሙሉ የሚሆነው የሚከተሉት ሲጠየቁ ነው።

አንደኛ፣ ዋጋው የየት ቦታ ነው? የአዲስ አበባ ዋጋ ከሆነ ማጓጓዣው ተቀንሶ መታሰብ አለበት።

ሁለተኛ፣ ነጋዴው የሚገዛበት ነው ወይስ የሚሸጥበት? ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ስሕተት ነው።

ሦስተኛ፣ ለየትኛው ደረጃ ነው? ላልተነቀዘና ለደረቀ እህል የተነገረ ዋጋ ለእርጥቡ አይሠራም።

አራተኛ፣ የከረጢቱና የጫኝ አውራጁ ወጪ የማን ነው? ሚዛኑስ የማን ነው?

አምስተኛ፣ ክፍያው መቼ ነው? በስልክ ከሆነ፣ «ገንዘብ ገብቷል» በሚል መልእክት ብቻ እህል ማውረድ አይገባም። ሻጩ የራሱን ሒሳብ ከፍቶ ማየት አለበት፤ የሚስጥር ቁጥሩንም «ልርዳዎት» ለሚል ለማንም ሰው መስጠት የለበትም።

በጥቅሉ ሲታይ ሞባይል ሰብሳቢው ያሻውን ዋጋ እንዳይናገር አድርጎታል፤ ይህም ቀላል ለውጥ አይደለም። ከዚህ በላይ እንዲሠራ ግን ከቀፎው ጎን በጋራ የመሸጥ ልማድ፣ ነቀዝ የማይደፍረው ጎተራ፣ እስከ ክረምት የሚያደርስ ብድርና የማይቆራረጥ መስመር መኖር አለባቸው። እነዚህ በሌሉበት ገበሬው ከቀድሞው የሚለየው ምን ያህል እንደቀረበት አውቆ በመሸጡ ብቻ ይሆናል።