ሳይሰበር መለወጥ

በሰው እጅ የተሠራ ዕቃ ሁሉ የተወሰነ ዕድሜ አለው። ይህን የማያውቅ የለም፤ ነገር ግን ዕድሜው ሳያልቅ አስቀድሞ የሚሰናዳ ጥቂት ነው። በመሥሪያ ቤቶችና በአህጉረ ስብከት የሚያገለግሉት አሮጌ የገጠር አውቶሞቢሎች ብዙ ጊዜ ወደ ጋራዥ የሚገቡት ተጎትተው ነው። አውቶሞቢሉ በመንገድ ሲቀር ግን ብቻውን አይቀርም፤ ወደ ጤና ጣቢያ የሚደርሰው ክትባት፣ ወደ ሆስፒታል የምትወሰደው ምጥ የያዛት እናት አብረው ይቀራሉ።

ለምሳሌ በኢትዮጵያ የገጠር መንገድ ሁሉ የሚታወቀውን ቶዮታ ላንድ ክሩዘር መመልከት ይበቃል። ባለ 70 ቍጥር የሚባለው ዓይነት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1984 መሠራት ጀመረ፤ ከ1990 ወዲህም ዋን ኤች ዜድ የተባለው ባለ 6 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ይገጠምለት ጀመር። ይህ ሞተር በጽናቱ የተመሰገነ ነው፤ ሆኖም ያ ሁሉ ብረት የሚታዘዘው ለአንድ የጎማ ቺንጊያ ነው። ታይሚንግ ቺንጊያ የሚባለው ይህ ባለ ጥርስ ጎማ ቫልቮቹንና የናፍጣውን ፓምፕ ከፒስተኖቹ ጋር በአንድ ልክ ያስኬዳል። ሊበጠስ ሲል ብዙ ጊዜ ምልክት አይሰጥም፤ በተበጠሰ ጊዜ ግን ፒስተኖቹ ከቫልቮቹ ጋር ተጋጭተው ሞተሩ በቅጽበት ይጎዳል። ስለዚህ ሠሪው በብዙ አገር በ100,000 ኪሎ ሜትር እንዲለወጥ ወስኖ፣ ጊዜውን የሚያስታውስ መብራት በሾፌሩ ፊት አኖረ። መብራቱን ማጥፋት ግን ቺንጊያውን መለወጥ አይደለም። መቼ እንደ ተለወጠ የሚመሰክር ጽሑፍ ያልተገኘለት ቺንጊያ፣ እንዳልተለወጠ ሊቈጠር ይገባል።

ጎማ በመሄድ ብቻ አያረጅም፤ በሙቀትና በዘመን ብዛትም ደርቆ ይሰነጠቃል። ስለዚህ «ይህ አውቶሞቢል ብዙ አልሄደም» የሚለው ምክንያት ዋስትና አይሆንም። የራዲያተሩ የጎማ ቱቦ ቢፈነዳና ሾፌሩ ሳያስተውል ጥቂት ቢነዳ፣ ሞተሩ ግሎ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል። የፍሬን ዘይትም እንዲሁ ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ ይደክማል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ሲወረድ ፍሬኑ እጅግ ይግላል፤ ያረጀውም ዘይት ሊፈላ ይችላል። በዚያን ጊዜ ፔዳሉ ሲረገጥ ባዶውን ይወርዳል። በየሁለት ዓመቱ ዘይቱን መለወጥ ከሰው ሕይወት ጋር ሲመዛዘን ምን ያህል ቀላል ነው!

ይህ ሲባል አሮጌ የሆነው ሁሉ ይውለቅ ማለት አይደለም። የባሌስትራ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ በዐይን ይታያል፤ የጎማው ኩሽኔታም ሲላላ በድምፅና በመነቃነቅ ይታወቃል። እነዚህን በየጊዜው መመርመር ይበቃል። በደኅና የሚሠራውን የፋብሪካ ዕቃ አውልቆ ከገበያ በተገኘ ማስመሰያ መተካትም ኪሳራ ነው። እንግዲህ ሊለይ የሚገባው፣ ሳያስጠነቅቅ የሚሰበረውና ሲሰበርም ሌላውን የሚያጠፋው ወይም ሰውን የሚገድለው ዕቃ ነው። እርሱ ቀኑ ሳያልፍ ይለወጥ። ሳይጎዳ የወለቀውም የፋን ቺንጊያ በመንገድ ለሚያጋጥም ችግር መጠባበቂያ ሆኖ በአውቶሞቢሉ ውስጥ ይቀመጥ።

የዚህ ሥራ ቍልፍ በሹሙ ብዕር ላይ ነው። መካኒኩ ላልተሰበረ ዕቃ ገንዘብ ሲጠይቅ «ይሠራ የለም ወይ?» ተብሎ ይመለሳል፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ግን ብዙ እጥፍ ወጪ ያለ ክርክር ይፈቀዳል። ይህን የሚያርመው ለእያንዳንዱ አውቶሞቢል የሚያዝ መዝገብ ነው። የተለወጠው ዕቃ፣ ቀኑና ኪሎ ሜትሩ ይጻፍበት፤ በሚመጣው ዓመት የሚለወጠውም ከበጀት ዝግጅት በፊት ተለይቶ ይታወቅ፤ ሥራውም ክረምት መንገዱን ሳይዘጋ ይፈጸም። ሾፌር ቢዛወር፣ ሹምም ቢሻር፣ መዝገቡ ይናገራል።

አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለዋል። በመንገድ ዳር በሽቦና በገመድ የሚታሰር አውቶሞቢል እንዲሁ ነው። በጊዜው የታጠቀ ግን የታመመውን ከሐኪሙ ዘንድ ያደርሳል።