«ቢኮዝ» ወይስ «ሲንስ»?

የሲያትል የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት «ቶክ ታይም» የሚባል ነፃ የእንግሊዝኛ መለማመጃ አለው። ከከተማዋ ሬኒየር ቫሊ ሰፈር ለሚመጣ አማርኛ ተናጋሪ አንዱ ፈተና ምክንያት መናገር ነው፤ አማርኛ በ«ስለ» የሚገላገለውን እንግሊዝኛ ለ«ቢኮዝ»፣ ለ«ሲንስ»ና ለ«አዝ» አከፋፍሎታል።

አለቃ «ለምን አረፈድሽ?» ሲል መልሱ በ«ቢኮዝ» ይጀምራል። «ሲንስ» የሚስማማው አድማጩ አስቀድሞ ለሚያውቀው ምክንያት ነው፤ ለምሳሌ ምክንያቱ ዝናብ ሆኖ ተናጋሪውም አድማጩም በመስኮት እያዩት ከሆነ ማለት ነው። ግን «ሲንስ» «ከዚያ ጊዜ ጀምሮ»ም ይሆናል፣ «አዝ»ም «እያለ»ን ይመስላል። በሥራ ቦታ የደህንነት ማስታወቂያ ላይ ሁለቱንም መተው ይሻላል።

«ቢኮዝ»ም ቢሆን ያሳስታል። «አይ ዲድንት ኮል ቢኮዝ አይ ዋዝ አንግሪ» ያለ ሰው ተናዶ ሳይደውል ቀረ? ወይስ ደውሏል፣ ምክንያቱ ግን ንዴት አልነበረም? አማርኛ «ስለተናደድኩ አልደወልኩም»ን ከ«የደወልኩት ስለተናደድኩ አይደለም» በግልጽ ይለያል። በእንግሊዝኛ የመጀመሪያውን ለማለት የፈለገ ምክንያቱን ወደ ፊት ያምጣው።

ስም ብቻ ሲከተል «ቢኮዝ ኦቭ» ይባላል። በ«ቢኮዝ» በተጀመረ ዓረፍተ ነገር መሐል «ሶ» መጨመር ግን ትርፍ ነው።