«ወይ እኔን ወይ ዩኒፎርምሽን!»

ነገሌ ቦረና ወታደር የለመደች ከተማ ናት፤ የጥር 1966ቱ የጦሩ አመጽ የፈነዳው እዚሁ ነው። ሴት ዩኒፎርም ለብሳ ስታልፍ ግን ዛሬም አንገት ይዞራል። ሻይ ቤት ቁጭ ብላ ያጫወተችኝ እህታችንም የለበሰችው እሱኑ ነበር።

ፖሊስ ከሆነች አራት ዓመቷ። ስልጠናውን ከወንዶቹ እኩል ሮጣ፣ እኩል ተኩሳ ጨርሳለች። ስሙን በማልጠቅሰው የቆላ ኬላ ስትመደብ ምን ሰጧት መሰላችሁ? መጋረጃ! ሴት ተሳፋሪ ሲመጣ ከመጋረጃው ጀርባ ትፈትሻለች፤ ሳይመጣ ቡና ታፈላለች። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የተያዘን ሰው የሚፈትሸው ጾታው የሆነ ሰው ነው ይላል። አለቆቿ ከሕጉ የያዙት ይቺን ብቻ ነው።

አንድ ሌሊት ተጠልፋ ያመለጠች የገጠር ልጅ መጣች። ሦስት ወንዶች ከበው ቢጠይቋት አንገቷን ደፍታ ዝም። እህታችን ከቤት ተጠራች። በኦሮምኛ ስታናግራት ልጅቷ አለቀሰች፣ ከዚያ ሁሉንም ተናገረች። ንጋት ላይ ከባልደረቦቿ ጋር ወጥታ ተጠርጣሪውን ይዛ ገባች።

«ከዚህ በኋላ ሮንድ ልውጣ» አለች። አለቃዋ «ባልሽ ከፈቀደ» አላት። (ወንዶቹ የሚስት ፈቃድ ያመጣሉ እንዴ?) የጭነት መኪና ሾፌር የሆነው ባሏ ደግሞ «ሌሊት ከወንድ ጋር ስትዞሪ ሰው ምን ይላል? ወይ እኔን ወይ ዩኒፎርምሽን!»

እህቴ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 በሥራም በእድገትም እኩል ነሽ ይላል፤ የባል ፈቃድ የሚል የለበትም። ጥያቄሽን በጽሑፍ አስገቢ፣ መልሱንም በጽሑፍ ጠይቂ። ባልሽን ግን አትሽሺው። አብረውሽ ሮንድ የሚወጡትን ቤት ጠርተሽ ቡና አጠጫቸው፤ ያላየውን ሰው ነው የሚጠረጥረው።

አንተም ወንድሜ፣ ሞያሌ ስታድር የት አደርክ ብላህ ታውቃለች? ደግሞስ በኦሮሞ ባህል ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በሚጣሉ ወንዶች መሃል ሲገቡ ጠቡ ይበርዳል። ያኔ ሰው ምን ይላል ያለ አለ?

ማመልከቻዋን ጽፋ በኪሷ ይዛዋለች። ሰኞ ታስገባለች። ባሏ እሑድ ማታ ይገባል።