ፌስታል ሲቀር የዐረፋ ሥጋ በምን ይከፋፈል? «ከዕፅዋት የተሠራ» የሚለው ጽሑፍ እና የአሰላ ብርድ

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በግንቦት ወር 2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ የፌስታልን ጉዳይ ከምክር ወደ ቅጣት አሻግሮታል። በአዋጁ መሠረት ፌስታል ሲጠቀም የተገኘ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል፤ በሚያመርተው፣ በሚያስመጣውና በሚሸጠው ላይ የተጣለው ቅጣት ደግሞ ከዚህ እጅግ የከበደ ነው። የመጀመሪያው ሕግ ግን አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ፌስታል እንዲመረትም ሆነ ከውጭ እንዲገባ ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ፣ ለገበያ የሚቀርበው ፌስታል መበስበስ አለመበስበሱን የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲኖረው አዝዞ ነበር። ያ ትእዛዝ ምን ያህል እንደተከበረ አሰላ ገበያ ወጥቶ ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ጉዳዩ እኛን በቀጥታ ይነካል። በረመዷን ከመስጂድ ደጃፍ የሚታደለው ሾርባና ሳምቡሳ፣ ለዐረፋ ለጎረቤትና ለሚስኪን የሚደርሰው የኡድሒያ ሥጋ በአብዛኛው የሚጓዘው በፌስታል ነው። አንድ በሬ ለሰባት ሰው ታርዶ የእያንዳንዱ ድርሻ ደግሞ ለዘመድና ለችግረኛ ሲከፋፈል፣ በአንድ ሰፈር በአንድ ቀን ስንት ፌስታል እንደሚወጣ አስቡት።

ታዲያ በምን እንተካው? ገበያው መልስ አያጣም። አረንጓዴ ቅጠል የተሣለበት፣ «ከዕፅዋት የተሠራ»፣ «ባዮ»፣ «ይበሰብሳል» የሚል ከረጢት፣ ሳህንና ኩባያ በየአገሩ ይሸጣል፤ ሕጉ ሲጠብቅ ወደኛም በብዛት መምጣቱ አይቀርም። የመስጂድ ኮሚቴ ወይም ባለ ምግብ ቤት ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊያውቀው የሚገባ ነገር ስላለ ነው ይህን መጻፌ።

ክፍል ውስጥ ብሆን ኖሮ ሰሌዳውን ለሁለት ከፍዬ በአንዱ ወገን «ከምን ተሠራ?»፣ በሌላው «ከተጣለ በኋላ ምን ይሆናል?» ብዬ እጽፍ ነበር። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ የንግድ ጽሑፉ ግን ሆን ብሎ ያደባልቃቸዋል። የብራዚሉ ኩባንያ ብራስኬም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ከሸንኮራ አገዳ ፕላስቲክ ያመርታል። ምንጩ ዕፅዋት መሆኑ እውነት ነው፤ የሚወጣው ግን ከነዳጅ ከሚሠራው የፌስታል ፕላስቲክ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ቢቀበር አይበሰብስም። በተቃራኒው ፒቢኤቲ የሚባል ከነዳጅ የሚሠራ ፕላስቲክ አለ፤ ይህ ደግሞ በተህዋስያን ይበላል። ከበቆሎ ወይም ከድንች ስታርች ተሠሩ የሚባሉት ለስላሳ ከረጢቶችም ብዙዎቹ ስታርቹ ከዚሁ ከፒቢኤቲ ጋር የተቀላቀለባቸው ናቸው። እንግዲህ «ከዕፅዋት የተሠራ» የሚለው ቃል ብቻውን ስለ መበስበስ የሚነግረን ነገር የለም።

ከሁሉም በላይ የተስፋፋው ፒኤልኤ ነው። የበቆሎ ወይም የአገዳ ስኳር ተብላልቶ ላክቲክ አሲድ ይሆናል፤ እርጎን የሚያኮመጥጠው አሲድ ማለት ነው። አሲዱ እርስ በርሱ ተያይዞ ረጅም ሰንሰለት ሲሠራ ብርሃን የሚያሳልፍ ጠንካራ ፕላስቲክ ይወጣዋል። ይህ ፕላስቲክ በእርግጥ ይበሰብሳል፤ የሚበሰብሰው ግን 58 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት፣ እርጥበትና አየር ሳይቋረጥ በሚያገኝበት የኮምፖስት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ኢኤን 13432 የተባለው የአውሮፓ መመዘኛ በ12 ሳምንት ተበጣጥሶ፣ በ6 ወር ውስጥ ደግሞ 90 በመቶው በተህዋስያን መበላት አለበት ሲል የሚያወራው ስለዚያ ዓይነት ቦታ ነው።

አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። የዓመቱ አማካይ ሙቀት 20 ዲግሪ አይሞላም፤ ወደ ጭላሎ ከፍ ሲባል ደግሞ ይበልጥ ይበርዳል። በዚህ አፈር የተቀበረ የፒኤልኤ ኩባያ ለዓመታት ኩባያ እንደሆነ ይቆያል። «በቤት ኮምፖስት ይበሰብሳል» የሚል የምስክር ወረቀት ያላቸው ዕቃዎችም አሉ፤ እነሱ ይሻላሉ። ቢሆንም የሚፈተኑት ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ሙቀት ለ12 ወር ስለሆነ የኛ ደጋ ከፈተናው በታች ነው። በደንብ የተከመረ የፍግ ክምር ውስጡ 60 ዲግሪ ሊደርስ እንደሚችል የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በደጋው እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ይገባል እንጂ ስንት ቤት ነው እንዲህ ያለ ክምር የሚጠብቀው?

ሙቀቱ በሌላ በኩልም ያስቸግራል። ፒኤልኤ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ላይ ይለሰልሳል። በአሰላ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ቢሆንም ትኩስ ሾርባ ወይም ሻይ የተቀዳበት ተራ የፒኤልኤ ኩባያ እጅ ላይ ይጣመማል። ለቀዝቃዛ ጭማቂ ይሆናል፤ ለኢፍጣር ሾርባ አይሆንም።

ከዚህ የባሰው ፕላስቲኩ ቶሎ እንዲፈረፈር ኬሚካል የተጨመረበት ተራ ፌስታል ነው። «ባዮ» ተብሎ ይሸጣል። ፀሐይ ሲያገኘው ይፈርሳል፣ ከዓይን ይሰወራል፤ ፕላስቲክነቱ ግን አይጠፋም፣ ደቅቆ አፈሩ ውስጥ ይቀራል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከገበያው ያገደው በዚህ ምክንያት ነው።

የእንስሳቱን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በግና ከብት የጨውና የምግብ ሽታ ያለበትን ፌስታል ይውጣሉ። ጨጓራቸው አይፈጨውም፤ እየተጠቀለለ ቦታ ይይዛል፣ እንስሳው የጠገበ ይመስለውና መብላት ይተዋል፣ ይከሳል። ለኡድሒያ አይበቁም ተብለው በሐዲስ ከተጠቀሱት አራት ዓይነት እንስሳት መካከል ሕመሙ በግልጽ የሚታየውና ቅልጥም እስኪያጣ የከሳው ይገኛሉ። የአምናው ዐረፋ ፌስታል የዘንድሮውን በግ ከኡድሒያ ሊያስወጣው ይችላል ማለት ነው። ከመንገድ ላይ ጎጂ ነገር ማንሳትን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከኢማን ቅርንጫፎች መቁጠራቸውን ከልጅነታችን ጀምሮ እንሰማለን፤ ዒባዳችን ራሱ በመንገድ ላይ ጎጂ ነገር ሲጥል ግን ብዙም አናስተውልም። ደግሞም የበግ ጨጓራ ሙቀት 39 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ፒኤልኤን ለማፍረስ ይህም አይበቃም። «ከዕፅዋት» የተሠራው ከረጢትም ሜዳ ላይ ከተጣለ የበጉ ጣጣ ያው ነው።

ከገለባና ከአገዳ ቃጫ ተጨፍልቀው የሚሠሩ ሳህኖችስ? እነዚህ ወደ ወረቀት የሚጠጉ ስለሆኑ ትኩስ ምግብ ይችላሉ፣ በተራ አፈርም ይበሰብሳሉ። ሲገዙ ግን አንድ ነገር መጠየቅ ያስፈልጋል፦ ዘይት እንዳያሳልፉ በምን ተቀብተዋል? ለረጅም ጊዜ ለዚህ ሥራ የዋሉት ፒፋስ የሚባሉት ኬሚካሎች በአካልም በአፈርም ውስጥ ሳይፈርሱ የሚቆዩ ናቸው። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2020 ከወረቀት የምግብ መጠቅለያ አግዳቸዋለች። እንደ ጩኮ ያለ ቅቤ የጠገበ ምግብ ለማቅረብ የሚያስብ ሰው ይህን ጥያቄ አይተወው።

አርሲ የስንዴና የገብስ አገር ነውና «ገለባው ሞልቶ ሳህኑን ለምን እዚሁ አንሠራም?» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። እኔም ሐሳቡ ያጓጓኛል። ነገር ግን ገለባ በኛ አገር ትርፍ አይደለም፤ የበጋ መኖ ነው፣ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ የቤት ምርጊት ነው። ገለባውን ቀቅሎ ቃጫ ለማውጣት ብዙ ውሃና ኮስቲክ ሶዳ ይፈልጋል፤ ፍሳሹ ሳይጣራ ወንዝ ከገባ ፌስታሉን በሌላ መርዝ ለወጥነው። የአገዳ ገለባ ያለው የወንጂ ሸዋ ስኳር ፋብሪካም ሩቅ አይደለም፤ እዚያ ግን ገለባው የፋብሪካው ማገዶ ነው። በኮምባይነር የታጨደ ማሳ ላይ የሚቀረውን ገለባ ታሳቢ ያደረገ አነስተኛ ሥራ ይቻል ይሆናል፤ ያ የባለሙያ ጥናት ይፈልጋል።

እስከዚያው ያለንን እንይ። ለደረቅ ምግብ ንጹሕ ቡናማ ወረቀት ይበቃል። የተጻፈበት ደብተርና ጋዜጣ ግን አይሁን፤ ዘይት ያለው ትኩስ ሳምቡሳ ቀለሙን ከወረቀቱ ላይ ይስባል። (የተማሪዎቼን ደብተር፣ ከነቀዩ እርማቴ፣ ቆሎ ተጠቅልሎበት ያየሁበት ቀን አለ።) ለሾርባ ከቤት የሚመጣ ክዳን ያለው ዕቃን የሚያህል የለም፤ ለገበያ ዘንቢል፣ ለመንገድ ስንቅ አገልግል አለ።

ለኡድሒያ ሥጋ ደግሞ ኮባ አለ። በኮፈሌና በአካባቢው ደጋ እንሰት ከጓሮ አይጠፋም። ድፎ ዳቦ የሚጋገርበት፣ ቆጮ ተሸፍኖ የሚብላላበት ይህ ቅጠል ሰፊ ነው፣ ፈሳሽ አያሳልፍም፣ የበሰለ ምግብ ሙቀት አይጎዳውም፤ ሲጣል ከብት ቢበላው መኖ ነው። በንጹሕ ውሃ ታጥቦ እሳት ላይ ለብ ሲደረግ ሳይሰነጠቅ ይታጠፋል። ለወራት መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ዕቃን በኮባ እንተካ ማለቴ አይደለም። የዐረፋ ሥጋ ግን ታርዶ በዚያው ቀን ይደርሳል፤ ለዚህ ይበቃል።

በብዛት ሲታሰብ ጥንቃቄ የሚጠይቀው አቆራረጡ ነው። ከአንድ ተክል ቅጠሉን ደጋግሞ መግፈፍ እንሰቱን ያቀጭጨዋል፤ ከብዙ ጓሮ ጥቂት ጥቂት መውሰድ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1968 በሳይንስ ጽሑፍ የተመዘገበው የእንሰት አጠውልግ በሽታም ከተክል ወደ ተክል ከሚተላለፍባቸው መንገዶች ዋነኛው የቆራጩ ቢላዋ ነው። ስለዚህ ኮባ የሚሰበስቡ ወጣቶች የጠወለገ እንሰት ካለበት ጓሮ ባይቆርጡ፣ ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው ሲሻገሩም ቢላዋውን እሳት ላይ ቢያሳልፉት የሰውን ጓሮ አይጎዱም። ቅጠሉ ቶሎ ስለሚደርቅ የሚቆረጠው በዋዜማው፣ በዐረፋ ዕለት ከዐስር በኋላ ነው፤ ሌሊቱን ተጠቅልሎ ቀዝቃዛ ቦታ ያድራል፣ ጠዋት ከዒድ ሶላት መልስ ለሥራ ይደርሳል።