ኡፊዚ፦ ውል ያጸናው ቤተ ሥዕል

ፍሎረንስን ለማየት ያሰበ ሰው ምክር ቢጠይቀኝ በብርዱ ወራት ሂድ እለዋለሁ። ከግንቦት እስከ መስከረም ያችን ትንሽ የጣልያን ከተማ የዓለም ሕዝብ ያጥለቀልቃታል፤ በአርኖ ወንዝ ዳር ያሉት ጠባብ መንገዶች መላወሻ ያጣሉ፤ ቤተ ሥዕል ውስጥም ሰው የሚያየው ሥዕሉን ሳይሆን ከፊቱ የቆመውን ሰው ጀርባ ነው። በታኅሣሥ፣ በጥርና በየካቲት ግን ሰልፉ ያጥራል። ጠዋት ከወንዙ ላይ ጭጋግ ይነሣል፤ የመንገዱ ድንጋይ እርጥበት አይለየውም፤ ብርዱም አጥንት ድረስ ይዘልቃል። በታኅሣሥ ፀሐይ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። እንዲህ ባለ ቀን ሰው ጣሪያ ሥር መዋል ያምረዋል፤ ፍሎረንስ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቢውሉበት የማይሰለች ቤት አላት። ስሙ ኡፊዚ ነው።

ኡፊዚ ዛሬ በዓለም ከታወቁት ቤተ ሥዕሎች አንዱ ይሁን እንጂ ሲሠራ ለሥዕል ታስቦ አልነበረም። በ1560 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የፍሎረንስ ገዥ ኮዚሞ ዴ ሜዲቺ፣ በየሰፈሩ ተበታትነው የነበሩትን ዳኞችና የመንግሥት ሹማምንት አንድ ቦታ ሰብስቦ ከዓይኑ እንዳይርቁ ፈለገ። ሥራውን የሰጠው ሠዓሊም መሐንዲስም ታሪክ ጸሐፊም ለነበረው ለጆርጆ ቫዛሪ ነው። ቫዛሪ ሁለት ረጃጅም ሕንጻዎችን ፊት ለፊት አቁሞ፣ ወንዙ ዳር ሲደርሱ በአንድ አጭር ሕንጻ አጋጠማቸው፤ መካከላቸው እንደ አዳራሽ የተዘረጋ ጠባብ አደባባይ ሆነ። በ1574 ሲሞት ሥራው ገና አላለቀም ነበር። በርናርዶ ቡኦንታሌንቲና ባልደረባው ፈጸሙት።

ከታች ሹማምንቱ ሲሠሩ የኮዚሞ ልጅ ፍራንቼስኮ በ1581 የላይኛውን ፎቅ ለራሱ ወሰደው። የቤተሰቡን የጥንት ሐውልቶች፣ ሥዕሎችና ብርቅ ዕቃዎች በመስኮት ብርሃን በደመቁት መተላለፊያዎች አሰለፈ። ቡኦንታሌንቲ ለምርጦቹ ዕቃዎች ባለ ስምንት ማዕዘን ክፍል ሠራለት፤ ጉልላቱ ውስጡ በዛጎል የተለበጠ፣ ግድግዳው በቀይ ከፋይ የተሸፈነ ነው። ትሪቡና የሚባለው ይህ ክፍል ዛሬም አለ፤ ጎብኚ ከበሩ ላይ ሆኖ ያየዋል።

ለብርድና ለዝናብ ቀን ደግሞ ከቫዛሪ ሥራዎች ሁሉ የሚስማማው ከኡፊዚ የሚነሣው ረጅም የሰገነት መተላለፊያ ነው። በ1565 ፍራንቼስኮ የኦስትሪያዋን ዮሐናን ሲያገባ በአምስት ወር ገደማ ተሠርቶ አለቀ። ከቤተ መንግሥቱ ከፓላዞ ቬኪዮ ይነሣና በኡፊዚ በኩል ያልፋል፤ ከዚያ በአሮጌው ድልድይ በፖንቴ ቬኪዮ ሱቆች አናት ላይ ወንዙን ተሻግሮ ፒቲ ቤተ መንግሥት ይደርሳል። ገዥዎቹ ከሕዝቡ ጋር ሳይጋፉ፣ ዝናብም ሳይነካቸው ከቤት ወደ ሥራ ይመላለሱበት ነበር። ድልድዩ ላይ ያሉት ሱቆች ያን ጊዜ ሥጋ ቤቶች ነበሩ። በ1593 ፈርዲናንዶ ዴ ሜዲቺ ሥጋ ሻጮቹን አስነሥቶ በወርቅ ሠሪዎች ተካቸው፤ ዛሬም ድረስ ወርቅ የሚሸጥበት ነው። መተላለፊያው ለዓመታት ተዘግቶ ከታደሰ በኋላ በታኅሣሥ 2024 ለጎብኚ ተከፍቷል።

እኔ ግን ኡፊዚን ከሕንጻውም ከሥዕሎቹም ይልቅ የማደንቀው በአንድ ወረቀት ምክንያት ነው።

በ1737 የመጨረሻው የሜዲቺ መስፍን ጃን ጋስቶኔ ወራሽ ሳይተው ሞተ። የአውሮፓ ኃያላን ቀድመው ተስማምተው ስለነበር አገሩ ለሎሬኑ መስፍን ለፍራንሲስ፣ ለኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ባል፣ ተላለፈ። ከሜዲቺ ቤት የቀረችው የሟቹ እኅት አና ማሪያ ሉይዛ ብቻ ነበረች፤ ባሏን ጀርመን አገር ቀብራ ወደ ትውልድ ከተማዋ የተመለሰች፣ ልጅ የሌላት ሴት። ሥልጣን አልነበራትም። የነበራት ቅድመ አያቶቿ በሦስት መቶ ዓመት ያከማቹት ሀብት ነው።

የሌሎቹ የጣልያን መሳፍንት ቤቶች ቅርስ ምን እንደሆነ ያየ ሰው፣ የፍሎረንስም ዕጣ ከዚያ እንደማይለይ ለመገመት አይቸገርም ነበር። የማንቱዋ ገዥዎች ምርጥ ሥዕሎቻቸውን ገና በ1620ዎቹ መጨረሻ ለእንግሊዙ ንጉሥ ለቀዳማዊ ቻርልስ ሸጠዋል። የፓርማው የፋርኔዜ ቤት ስብስብ በ1730ዎቹ ተጭኖ ናፖሊ ገባ። የሞደና መስፍን ደግሞ ጥቂት ቆይቶ ከስብስቡ ምርጥ የሆኑትን መቶ ሥዕሎች ለሳክሶኒ ገዥ ሸጠ፤ ዛሬ ድሬስደን ናቸው። ማንቱዋም ፓርማም ሞደናም የሄደ ሰው ውብ ግድግዳ ያያል፤ ግድግዳው ላይ የነበረውን ለማየት ግን ሌላ አገር መሄድ አለበት።

አና ማሪያ ሉይዛ በጥቅምት 1737 ከአዲሱ መስፍን ጋር ውል ተዋዋለች። በውሉ መሠረት ሥዕሉም፣ ሐውልቱም፣ መጻሕፍቱም፣ ጌጣጌጡም ወደ አዲሱ ገዥ ይተላለፋል፤ ነገር ግን አንዱም ከፍሎረንስና ከግዛቷ አይወጣም። ምክንያቱም በውሉ ተጽፏል፤ ቅርሱ ለአገር ጌጥ፣ ለሕዝብ ጥቅም፣ የባዕድ አገር ሰዎችንም ለመሳብ እንዲሆን ነው። አስጎብኚ ድርጅትም አውሮፕላንም ባልነበረበት ዘመን እንግዳ ቅርስ ለማየት ብሎ እንደሚመጣና መምጣቱም ከተማዋን እንደሚጠቅም አስባለች። በ1769 መስፍኑ ፒዬትሮ ሌዎፖልዶ ኡፊዚን ለሕዝብ ሲከፍት በእሷ ውል ላይ ቆሞ ነው።

እሷ የሞተችው ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1743 ነው። ፍሎረንስ በየዓመቱ ቀኑን ታስባለች፤ የማዘጋጃ ቤቱ ሙዚየሞች በነጻ ይከፈታሉ፣ በሳን ሎሬንዞ ባለው መቃብሯ አበባ ይቀመጣል። በብርዱ ወራት ቀን መምረጥ ለሚችል ጎብኚ ይህን ቀን እመርጥለታለሁ።

ፌብሩዋሪ 18 በእኛ የካቲት 11 መሆኑን፣ ማግስቱም የካቲት 12 መሆኑን ኢትዮጵያዊ አንባቢ ወዲያው ያስተውላል። በ1937 የፋሺስት ጣልያን ኃይሎች አዲስ አበባ ላይ ያን ሁሉ ሕዝብ ጨፈጨፉ፤ በዚያው ዓመት የአክሱምን ሐውልት ወደ ሮም ወሰዱ። የሜዲቺ ውል ከተጻፈ ልክ ሁለት መቶ ዓመት ሆኖት ነበር። ሐውልቱ ወደ አክሱም የተመለሰው በ2005 ነው። ይህ የአና ማሪያ ሉይዛን ሥራ አያሳንሰውም። ቅርስ ከበቀለበት ቦታ አይነቀል የሚለው ሐሳቧ ለፍሎረንስ እውነት ከሆነ ለአክሱምም ለመቅደላም እውነት ነው፤ እኔ ኡፊዚን ሳይ ሁልጊዜ የሚታየኝ ይህ ነው።

ውል ብቻውን ግን ቅርስ አይጠብቅም፤ ጠባቂ ሰው ያስፈልገዋል። የናፖሊዮን ሹማምንት የትሪቡናን ዝነኛ ሐውልት፣ የሜዲቺን ቬኑስ፣ ወደ ፓሪስ ወስደዋት ነበር፤ የተመለሰችው ናፖሊዮን ከወደቀ በኋላ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቤቱ ሥዕሎች ተወርደው በየገጠሩ ግንብ ተደበቁ፤ የቦቲቼሊ “ፕሪማቬራ” ጦርነቱን ያሳለፈው ሞንቴጉፎኒ በሚባል ግንብ ነው። በ1944 የጀርመን ጦር ሲያፈገፍግ የከተማዋን ድልድዮች ሁሉ ሲያፈርስ ፖንቴ ቬኪዮን ብቻ ተወ።

ኖቬምበር 4 ቀን 1966 ደግሞ አርኖ ሞልቶ ከተማዋን አጥለቀለቃት። ከጭቃ ውስጥ መጻሕፍትና ሥዕል ለማውጣት ከመላው ጣልያንና ከውጭ የመጡትን ወጣቶች ፍሎረንሶች እስከ ዛሬ “የጭቃ መላእክት” እያሉ ያመሰግኗቸዋል። በሳንታ ክሮቼ ቤተ ክርስቲያን የነበረው የቺማቡዌ ስቅለት አብዛኛው ቀለሙ ታጥቦ ሄደ። ኡፊዚን የሠራው የቫዛሪ “የመጨረሻው እራት” ውኃ ውስጥ ለሰዓታት ዋለ፤ እንጨቱ ተሰነጣጠቀ፣ ቀለሙ ላላ። ተጠግኖ ወደ ሳንታ ክሮቼ የተመለሰው በ2016፣ ጎርፉ በደረሰ በኃምሳ ዓመቱ ነው። ጥገናውን የሠራው ኦፒፊቾ ዴሌ ፒዬትሬ ዱሬ የሚባለው ተቋም በ1588 የሜዲቺ የድንጋይ ጌጥ ሠሪዎች ወርክሾፕ ሆኖ የተጀመረ ነው፤ ዛሬ በሥዕል ጥገና ስሙ የገነነ ነው። የሥዕሉን ጥገና የጀመሩት ሰዎች ብዙዎቹ ፍጻሜውን ሳያዩ ጡረታ ወጥተዋል ወይም ሞተዋል። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያላት ከተማ አክብሮት ይገባታል።

በግንቦት 1993 ሌሊት ማፊያ ከኡፊዚ ጥግ፣ በጆርጎፊሊ መንገድ፣ ፈንጂ የተሞላ መኪና አፈነዳ። አምስት ሰዎች ሞቱ፤ ሁለቱ ሕፃናት ነበሩ። ሦስት ሥዕሎች ከጥቅም ውጭ ሆኑ፣ ብዙዎች ተጎዱ። መንገዱ አጭር ነው፤ ቆም ብሎ ሟቾቹን ማሰብ የጉብኝቱ አካል ቢሆን መልካም ነው።

ወደ ሥዕሎቹ ስንገባ ሰው ሁሉ የሚጣደፈው ወደ ቦቲቼሊ ክፍል ነው፤ ይገባልም። “የቬኑስ ልደት” እና “ፕሪማቬራ” በመጽሐፍ ከምናውቃቸው እጅግ የገዘፉ ናቸው። በ“ፕሪማቬራ” ሜዳ ላይ የተሣሉትን አበቦች የዕፅዋት ሊቃውንት ከመቶ በላይ ዓይነት ለይተዋቸዋል። የሊዮናርዶ “ብስራት”፣ የማይክል አንጄሎ ክብ ሥዕል፣ የአርቴሚዚያ ጄንቲሌስኪ “ዮዲት” ሁሉም እዚሁ አሉ፤ ለእያንዳንዳቸው የሚበቃ ጽሑፍ ግን ይህ አይደለም።

ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ቀስ ብሎ እንዲያያቸው የምመኘው ሁለት ናቸው። አንዱ ጄንቲሌ ዳ ፋብሪያኖ በ1423 የሣለው የሰብአ ሰገል ስግደት ነው። ወርቁ የሚያንጸባርቅ፣ የነገሥታቱ ሰልፍ ከኮረብታ ኮረብታ የሚጠማዘዝ፣ ፈረሱ፣ ጦጣው፣ ነብሩ፣ ሁሉም የሞላበት ነው። ፍሎረንሶች ጃንዋሪ 6 ቀን የሰብአ ሰገልን ሰልፍ በሜዲቺ ዘመን ልብስ ከፒቲ ተነሥተው እስከ ካቴድራሉ አደባባይ ያካሂዳሉ። ያ ቀን የእኛ የገና ዋዜማ ነው።

ሥዕሉ በተሣለ በ18 ዓመቱ፣ በ1441፣ ከኢየሩሳሌም ገዳማችን የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ወደ ፍሎረንስ ጉባኤ መጥተው በሮማው ፓፓ በኢዩጄንዮስ ፊት ቆመዋል። በአገር ቤት ዘመኑ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤው የፈለገውን ከሮም ጋር አንድ መሆን አልተቀበለችም። መነኮሳቱ ግን ብሩኔሌስኪ የሠራው የካቴድራሉ ጉልላት ካለቀ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ያችን ከተማ አይተዋታል።

ሁለተኛው በላይኛው ፎቅ መተላለፊያ፣ ከጣሪያው ሥር ከተደረደሩት ከ480 የሚበልጡ የታላላቅ ሰዎች ምስሎች አንዱ የሆነው የዐፄ ልብነ ድንግል ሥዕል ነው። እዚያ የደረሰበት መንገድ ረጅም ነው። ለስድስት ዓመት በኢትዮጵያ የተቀመጠው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ የንጉሡን ደብዳቤዎች ይዞ በ1533 ቦሎኛ ላይ ለፓፓ ቀሌምንጦስ ሰባተኛ አቀረበ። ይህ ፓፓ ራሱ የሜዲቺ ልጅ ነበር። በፓፓው ዙሪያ የነበረው ሊቅ ፓዎሎ ጆቪዮ በኮሞ ሐይቅ ዳር በሚገኘው ቤቱ የዓለምን ነገሥታትና ሊቃውንት ምስል ይሰበስብ ነበር፤ የኢትዮጵያውን ንጉሥም ከእነርሱ ደመረው። ከ1552 ጀምሮ ኮዚሞ ሠዓሊውን ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞን ልኮ ስብስቡን አስገለበጠ። ሠዓሊው ንጉሡን በዓይኑ አላየም፤ ስለዚህ መልኩ ትክክል ነው ብለን አንጠይቅ። ልብነ ድንግል ያን ጊዜ በግራኝ ጦርነት ተሳዶ፣ ደብረ ዳሞ ላይ ካረፈ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። በበጋው ግርግር ሰው ቀና ብሎ ማየት አይችልም፤ በብርዱ ወራት ግን መተላለፊያው መሐል ቆሞ መፈለግ ይቻላል።

ከቤቱ ሲወጡ ብርዱ ረሃብ ያመጣል። መንገድ ዳር ላምፕሬዶቶ ይሸጣል፤ የላም አራተኛ ጨጓራ ከቅጠላ ቅጠል ጋር ተቀቅሎ፣ ተከትፎ በዳቦ የሚበላ የፍሎረንስ ሠራተኞች ምግብ ነው። ዱለት ያደገበት ሰው ሆዱ አይሸበርም። ለጾመኛ ደግሞ ባቄላ፣ ጥቁር ጎመንና የደረቀ ዳቦ አብሮ የሚበስልበት ሪቦሊታ የሚባል ሾርባ አለ፤ ሥጋ እንዳልገባበት ግን ጠይቆ ማዘዝ ነው።

ኡፊዚ ሰኞና ዲሴምበር 25 ዝግ ነው። በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ መግቢያው ነጻ ስለሆነ በዚያ ቀን ብርዱም ሰልፉን አያሳጥረውም። ስለዚህ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ባለው ቀን፣ ጠዋት በሩ ሲከፈት ይግቡ፤ ልጆች ካሉ ይዘው ይግቡ፤ ልብነ ድንግልን ፈልገው ያሳዩአቸው።