ዮርዳኖስና የሮሃ ጥንታዊ ሠፈር



በላስታ ሮሃ የጌታ ልደትና የጻድቁ ንጉሥ የቅዱስ ላሊበላ ልደት በአንድነት ይከበራሉ። በዕለቱ ነጭ የለበሱ ካህናት ከፊሎቹ በማሜ ጋራ አናት፣ ከፊሎቹ ከታች በቤተ ማርያም ቅጽር ቆመው «ቤዛ ኩሉ»ን እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ። ከየአገሩ በእግሩ የመጣው ምእመን ይህን ሥርዓት ለማየት አቀበትና ቁልቁለቱን ድካም ሳይል ይወጣል፣ ይወርዳል።

ሠፈሩን ለሁለት የሚከፍለው ከአለት የተቦረቦረው የዮርዳኖስ ወንዝ ነው። ከወንዙ በስተሰሜን ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያምና ቤተ ጎልጎታ፣ በስተደቡብ ደግሞ ቤተ አማኑኤል፣ ቤተ መርቆሬዎስና ቤተ አባ ሊባኖስ ይገኛሉ። ቤተ ጊዮርጊስ ለብቻው ተለይቶ ቆሟል። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት በዚህ መልክ መሰደራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ዮርዳኖስ፣ ጎልጎታ፣ ደብረ ዘይት የተባሉት ስሞች እንደሚመሰክሩት፣ ሮሃ የኢየሩሳሌም ምሳሌ ሆና ታስባለች። ወንዙ በበጋ ደረቅ ቢሆንም ክረምት ሲገባ ውኃው ይወርድበታል።

በአብያተ ክርስቲያናቱ አካባቢ ከቀይ ድንጋይ የተሠሩ፣ ባለ ሁለት ደርብ ክብ የላስታ ቤቶች አሉ። ካህኑ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ቅዳሴ የሚወርድበት መንገድ አጭር ነበር። ሥፍራው በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ ግን ለቅርሱ ጥበቃ ሲባል በርካታ ነዋሪዎች ወደ ሌላ ሠፈር ተዛውረዋል።

የዝናብ ውኃ አለቱን እየሸረሸረ በመሄዱ በ2000 ዓ.ም. አምስቱ አብያተ ክርስቲያናት በብረት ምሰሶ በቆሙ መጠለያዎች ተሸፈኑ። መጠለያዎቹ ለጊዜው የታሰቡ ስለነበሩ ክብደታቸው አለቱን እንዳይጎዳ ምእመናን ሠጉ፤ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያም የከተማው ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ሥጋቱን አሰማ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ላሊበላ በሙዚየም እንደተቀመጠ ዕቃ የሚታይ ሳይሆን ዛሬም ማኅሌት የሚቆምበት፣ ቅዳሴ የሚቀደስበት ቤተ እግዚአብሔር መሆኑ ነው። ስለዚህ አለቱን ከዝናብ መጠበቅ የባለሙያ ሥራ ሲሆን፣ በዙሪያው ያሉትን ክብ ቤቶችና የአካባቢውን ኑሮ ጭምር መጠበቅ ደግሞ የሁላችንም አደራ ነው። አገልጋዩ የራቀው ደብር ግንቡ ቢጸና እንኳ ዝማሬው ይቀዘቅዛልና።